ሁለት ጋስኬት የበላው ላንድክሩዘር፦ የዌስትጌት አቀማመጥ ጉዳይ ከኮምቦልቻ

ሐጂ ላንድክሩዘራቸውን ኮምቦልቻ ጋራዣችን ያስገቡት በሰኔ መጀመሪያ ነው። በሞተሩ አልመጣም፣ ተጎትቶ ነው። ሐጂ ወርደው ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ «ልጄ፣ ይሄ መኪና በአራት ወር ሁለት ጋስኬት በላብኝ» አሉኝ። ጋስኬት በሞተሩ ብሎክና በላዩ በሚታሰረው ክዳን፣ በቴስታታው፣ መካከል የሚገባው ስስ ማሸጊያ ነው። የወሎ ሰላምታ ረጅም ነው። እሳቸው ደግሞ ሰላምታ የሚያሳጥሩ ሰው አይደሉም። ነገሩ ምን ያህል እንደከበዳቸው ከዚሁ ገባኝ። «አብሽሩ ሐጂ፣ እናየዋለን» ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ።

መኪናው ዋን ኤች ዜድ ሞተር ያለው ፒክአፕ ነው። ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ናፍታ። ይህን ሞተር የማያውቅ መካኒክ እዚህ አገር የለም። ጠንካራ ነው፣ ግን ከፋብሪካው ቱርቦ፣ ማለትም አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ፣ የለውም፤ ስለዚህ ዳገት ላይ ይደክማል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር በሩብ ቀነሰ ማለት ነው። ናፍታው ግን አይቀንስም። ያ ሁሉ ጥቁር ጭስ ዳገቱ ላይ የሚታየው ለዚህ ነው።

ሐጂ ሐርቡ አካባቢ የመስኖ መሬት አላቸው። ሽንኩርት ያመርታሉ። ልጃቸው ሽንኩርቱን ጭኖ ደሴ ያወጣል፤ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ባቲ ገበያ ይወርዳል። ልጁ ነው «ቱርቦ እናስገጥም» ያለው። አስገጠሙም። ሌላ ጋራዥ ነው የገጠመው፣ ስሙን እዚህ ማንሳት አያስፈልግም። ቱርቦው ከተፈታ የጭነት መኪና የወጣ ነው፣ የራሱ ዌስትጌት የለውም። ስለዚህ 38 ሚሊሜትር የሆነ የውጭ ዌስትጌት ከዱባይ አስመጡ። የጭስ ማኒፎልዱን፣ የሲሊንደሮቹን ጭስ ሰብስቦ ለቱርቦው የሚያደርሰውን ክፍል፣ ከወፍራም የብረት ቧንቧ በብየዳ ሠሩት። ብየዳው ያምራል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ።

ዌስትጌት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ የቱርቦውን አንድ ጎማ ያሽከረክራል። በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሌላው ጎማ ደግሞ አየር ወደ ሞተሩ ይገፋል። አየር በበዛ ቁጥር ጭሱም ይበዛል፣ ጭሱ በበዛ ቁጥር ቱርቦው ይፈጥናል። ልጓም ከሌለው ሞተሩን ይገድለዋል። ልጓሙ ዌስትጌት ነው። ጭሱ ቱርቦው ጋ ከመድረሱ በፊት ያለች በር ናት። ሞላ ዘግቶ ይይዛታል። ቱርቦው የሚገፋው አየር በቱቦ ይመጣባታል፤ ግፊቱ ከሞላው ሲበልጥ ዲያፍራሙ፣ የጎማ ሽፋኑ፣ በሯን ያነሳታል፣ ትርፉ ጭስ ቱርቦውን ሳይነካ ያልፋል። አብዛኛው ቱርቦ ይህች በር ከራሱ ጋር አብራ የተሠራችለት ነው። የውጭ ዌስትጌት ሲሆን ግን የት እንደምትቀመጥ የሚወስነው የሚገጥመው ሰው ነው። ይህ ጉዳይ ከጫፍ እስከ ጫፉ የዚያ ውሳኔ ታሪክ ነው።

መጀመሪያ ግን ወደዚያ አልሄድኩም። ጋስኬት ደጋግሞ ሲያቃጥል ሁሉም መካኒክ የሚያስበውን አሰብኩ። ቴስታታው ተጣሟል፣ ወይ ቡሎኖቹ በትክክል አልጠበቁም፣ ወይ ጋስኬቱ ርካሽ ነው። ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ልኬ አስለካሁ። ቀጥ ያለ ነው። ብሎኩም ደህና ነው። የድሮውን ጋስኬት ሐጂ አውጥተው ሰጡኝ። አዲሱንም የድሮውንም ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። ሁለቱም የተቃጠሉት በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ነው። አንድ ቦታ ላይ። ምልክት ነበር፤ ያኔ ግን አላነበብኩትም። ጥቂት ቆይቼ እመለስበታለሁ።

የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። መኪናው ላይ የግፊት ጌጅ የለም። ቱርቦ ገጥመው፣ ዌስትጌት ገጥመው፣ ምን ያህል እየገፋ እንደሆነ የሚያሳይ ነገር አልገጠሙም። ልጁን «ስንት ባር ነው የሚሰጥህ?» ብዬ ስጠይቀው «ዜሮ አምስት ነው ያሉኝ ጋሼ» አለ። ባር የግፊት መለኪያ ነው። ሞላው በእርግጥ የ0.5 ባር ነው። ግን ሞላው ላይ የተጻፈውና ሞተሩ የሚያገኘው አንድ መሆኑን ያለ ጌጅ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

አዲስ ጋስኬት ገጠምን። ጌጅ አስገባን። ከቱርቦው በፊት ባለው የጭስ መስመር ላይም የሙቀት መለኪያ ሰካን። ከዚያ አሸዋ ጭነን ወደ ደሴ ወጣን። ዶሮ መዝለያ አካባቢ ያለው ዳገት ለዚህ ፈተና የተሠራ ይመስላል። ልጁ ይነዳል፣ እኔ ጌጁን አያለሁ። «ከ1.2 ካለፈ እግርህን አንሳ» ብዬዋለሁ። ሦስተኛ ማርሽ፣ በደቂቃ 1,800 ዙር፣ ጌጁ 0.5። ጥሩ። 2,200 ላይ 0.7። 2,600 ላይ 0.9። ዙሩ በጨመረ ቁጥር መርፌው ሳይቆም ቀስ እያለ ይወጣል። 3,000 ላይ 1.15 ደረሰ። ልጁ ግን ደስ ብሎታል፣ መኪናው እየጎተተለት ነው። «እየው ጋሼ እንዴት እንደሚበላው ዳገቱን!» ይለኛል።

ዋን ኤች ዜድ ጭመቃው 22 ለ 1 ገደማ ነው። ለቱርቦ የታሰበ ሞተር አይደለም። እንዲህ ባለ ጭመቃ ላይ 1.15 ባር ስትጨምርበት ቴስታታውን ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይል ጋስኬቱ ሊችለው ከሚገባው በላይ ነው። ናፍታ ሞተር ደግሞ ያታልላል። አየር ሲበዛ ጭሱ ይነጻል፣ ሙቀቱም ወዲያው አይንርም፤ ስለዚህ ሹፌሩ ደህና ነው ብሎ ይጫናል። ቤንዚን ሞተር ቢሆን ኖሮ ሲንኳኳ ይሰማ ነበር።

መርፌው እንዲህ ቀስ ብሎ ሲወጣ የሚጠረጠሩት ብዙ አይደሉም። ወይ ወደ ዌስትጌቱ የሚሄደው የአየር ቱቦ ያፈስሳል፣ ወይ በሯ ተጣብቃለች፣ ወይ በሯ ተከፍታም ጭሱ በበቂ መጠን አይሄድባትም። ቱቦው በጣም ረጅም ስለነበር ቀየርኩት፣ ልክ ከቱርቦው የአየር መውጫ ላይ ወሰድኩለት። ለውጥ የለም። ዌስትጌቷን ፈትቼ ሞርሳ ላይ አሰርኳት። በኮምፕሬሰር አየር ሰጠኋት። 0.5 ላይ መነሳት ጀመረች፣ 0.8 ላይ 8 ሚሊሜትር ተከፈተች። ጤነኛ ናት። ከዚያ ሞላውን አውጥቼ የ0.3 ሞላ ከተትኩና እንደገና ዳገቱን ወጣን። 3,000 ዙር ላይ ጌጁ 1.1 አለ። ሞላው በ0.2 ሲላላ ግፊቱ የወረደው በ0.05 ብቻ ነው!

ይህች ቁጥር ነገሩን ፈታችልኝ። ሞላ ቀይረህ የላይኛው ግፊት ካልተቀየረ በሯ ቀድሞውንም ወለል ብላ ተከፍታለች ማለት ነው። ችግሩ በሯ አይደለችም። ወደ በሯ የሚወስደው መንገድ ነው።

የሐጂ ወንድም በዚያው ሳምንት ደውለው ነበር። 60 ሚሊሜትር ዌስትጌት ከዱባይ ልዘዝ ወይ ብለው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ገንዘቡን የሚያፈሰው። «ቆይ፣ አይዘዙ» አልኳቸው። እውነት ነው፣ በትልቅ ሞተር ላይ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ለመያዝ ትልቅ በር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ተቃራኒ ይመስለዋል፤ ትንሽ ግፊት ስለሆነ ትንሽ በር ይበቃል ይላል። አይደለም። ግፊቱ ዝቅ እንዲል ከተፈለገ ብዙ ጭስ ቱርቦውን ሳይነካ ማለፍ አለበት። ግን በ38ቷ ውስጥ የማይገባ ጭስ፣ በሯ ያለችው በተሳሳተ ቦታ ከሆነ፣ በ60ዋም ውስጥ አይገባም።

ማኒፎልዱን ፈትተን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ዌስትጌቷ የተበየደችው በስተኋላ በኩል፣ በስድስተኛው ሲሊንደር አጠገብ ነው። ለምን እዚያ እንደተደረገች ገባኝ። ሞተሩ ዙሪያ ክፍት ቦታ ያለው እዚያ ነው። ቧንቧዋ ከማኒፎልዱ የምትወጣው ግን ከ90 ዲግሪም አልፋ ወደ ኋላ ዞራ ነው። ጭሱ ወደ ፊት ወደ ቱርቦው እየሮጠ ነው፤ ወደ ዌስትጌቷ ለመግባት ቆሞ፣ ዞሮ፣ ወደመጣበት መመለስ አለበት።

ሐጂ ለቡና መጥተው ነበር። ሲኒያቸውን እንደያዙ ጠጋ ብለው ማኒፎልዱን ተመለከቱ። «ጭሱ በየት ነው የሚሄደው?» አሉ። በጣቴ አሳየኋቸው። «ይህችስ?» አሉ የዌስትጌቷን ቧንቧ እየነኩ። «ትርፉ የሚወጣባት ናት።» ትንሽ ዝም ብለው «ኧረግ! ውሃው ወዲህ እየሄደ እነሱ ቦዩን ወዲያ አዙረው ከፍተውታል እኮ» አሉ። «ውሃ እንዲህ አይጠለፍም ልጄ። ወንዝ ስትጠልፍ አፉን ውሃው ወደሚሄድበት አስተኝተህ ነው የምትከፍተው። አስተኝተህ ካልከፈትከው እያየህ ያልፍሃል።»

ይህን ነገር ከዚያ በኋላ ለስንት ልጅ እንዳስተማርኩበት! ጭስም እንደ ውሃ ነው፣ የያዘውን አቅጣጫ መልቀቅ አይወድም። ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ይብስበታል። ለዚህ ነው በዝቅተኛ ዙር 0.5 ላይ ይቆም የነበረው፣ ዙሩ ሲጨምር ግን የሚያመልጠው። የዌስትጌት ቧንቧ ከዋናው መስመር በ45 ዲግሪ ወይም ከዚያ ባነሰ መውጣት አለበት፣ ጭሱ ወደሚሄድበት አዘንብሎ። እንዲያውም የሚቻል ከሆነ ዌስትጌቷ ቀጥተኛውን መንገድ ብትይዝና ቱርቦው በጎን ቢሆን ይሻላል። ቦታዋ ደግሞ ሲሊንደሮቹ ከተገናኙ በኋላ፣ ቱርቦው ደጃፍ ላይ ነው።

የድሮውን ቀዳዳ ደፈንን። ወደ ቱርቦው ፍላንጅ፣ በቡሎን ወደሚታሰርበት ጠርዝ፣ ጠጋ ብለን በ35 ዲግሪ አዲስ ቧንቧ በየድን። ገጠምን፣ ዳገቱን ወጣን። 3,000 ዙር ላይ 0.9። ከ1.15 ወደ 0.9 መውረድ ቀላል አይደለም። ልጁ «በቃ ተስተካከለ ጋሼ» አለ። እኔ ግን አላረፍኩም፣ መርፌው አሁንም አልቆመም፣ ይወጣል። 0.5 ሞላ ያለው መኪና 0.9 ከሰጠ አልዳነም።

ሌሊቱን ያሰብኩት ጋስኬቶቹን ነው። ለምን ሁለቱም ከፊት በኩል? ጠዋት ማኒፎልዱ ላይ ሁለት ቀዳዳ በሳሁ፣ አንዱን በፊተኛው፣ ሌላውን በኋለኛው በኩል። ከሁለቱም የፍሬን ቧንቧ አወጣሁ። ጌጁን ሙቀት እንዳያቃጥለው ቧንቧውን ደጋግሜ ጠቅልዬ አረዘምኩት። ሁለት ጌጅ መስታወቱ ሥር በሽቦ አሰርኩና ወጣን። ጭነት ላይ፣ 3,000 ዙር፦ የኋለኛው ጌጅ 0.9፣ የፊተኛው 1.7።

መኪናውን ዳር አስቁሜ ወረድኩ። ያየሁትን ግን ያላየሁ ሆኜ ነበር። የጭነት መኪና ቱርቦ ስለሆነ የጭስ መግቢያው መሐል ላይ ግድግዳ አለው። ለሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲሊንደር በአንዱ ይገባሉ፣ አራተኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ በሌላው። ማኒፎልዱን የሠሩት ሰዎች ይህን አክብረው ሁለቱን ለየብቻ አምጥተዋቸዋል፤ ትክክል ነው፣ የአንዱ ሲሊንደር ጭስ የሌላውን እንዳይረብሽ ያደርጋል። ዌስትጌቷ ግን የተገናኘችው ከኋለኞቹ ሦስት ጋር ብቻ ነው። እኔም ስቀይራት ያንኑ ደገምኩት። ግድግዳውን በዓይኔ እያየሁ! የፊተኞቹ ሦስት ሲሊንደሮች ጭሳቸው መውጫ ያጣል፣ ቱርቦውን ብቻቸውን ማሽከርከሩን ይቀጥላሉ። የሚያፍኑት ግፊት ደግሞ ወደ ራሳቸው ይመለሳል። ትኩሱ ጭስ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ አዲስ አየር ይገባበታል። ሁለተኛና ሦስተኛ መካከል ያለው ጋስኬት ከሁሉም በፊት የሚለቀው ለዚህ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ ጋስኬቶች ይሄንኑ ነበር የሚናገሩት።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለየወገኑ አንድ አንድ፣ ሁለት ዌስትጌት መግጠም። ንጹሑ አሠራር ይሄ ነው። ሌላው ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ እግር አውጥቶ አንድ ዌስትጌት ሥር ማገናኘት። እንዲህ ሲሆን በሯ ተዘግታም ሁለቱ ወገኖች በእግሮቹ በኩል ትንሽ ይገናኛሉ፣ ቱርቦው ለመነሳት ጥቂት ይዘገያል። ሽንኩርት ለሚጭን መኪና ይህ ብዙ አይጎዳም። ለሐጂ ሁለቱንም አስረዳኋቸው። «የሚበቃውን አድርግ» አሉ። ሁለተኛውን መረጥን።

ብየዳው ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በያጃችን ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን ለእግሮቹ ያመጣው ቧንቧ ነጣ ያለው የውሃ ቧንቧ ነበር። መለስኩት። ያ ነጩ ዚንክ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፣ የብየዳ እሳት ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ጭሱን የተነፈሰ በያጅ ማታ ብርድ ብርድ እያለው፣ እያተኮሰው ያድራል። ብዙዎቹ «ወባ ነው» ይላሉ። ወባ አይደለም፣ ቧንቧው ነው። ጥቁሩን፣ ወፍራሙን፣ ምንም ያልተቀባውን ቧንቧ ተጠቀሙ።

እግሮቹን በተቻለ መጠን እኩል አደረግናቸው፣ ሁለቱንም በጭሱ አቅጣጫ አስተኝተን። ዌስትጌቷ ግን አሁን ወደ ላይ ወጥታ ወደ ኮፈኑ ተጠጋች። ዲያፍራሟ ጎማ ነው፣ ከጋለው ቧንቧ ርቃ አየር የሚያገኛት ቦታ መሆን ነበረባት። ራሷን ወደ ውጭ አዘነበልናት፣ በእሷና በማኒፎልዱ መካከል የላሜራ መከለያ አቆምን። አጠገቧ የነበረውን የኤሌክትሪክ ሽቦም አዛወርነው። ከዌስትጌቷ የሚወጣውን ጭስ ወደ ዋናው ጭስ ማውጫ መለስነው፣ ከቱርቦው ወዲያ 40 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ፣ እሱንም አዘንብለን። መሐሉ ላይ የሚተጣጠፍ ቧንቧ አስገባን። 40 ሳንቲሜትር ብረት በ600 ዲግሪ ሲግል ወደ 3 ሚሊሜትር ይረዝማል። ያቺ 3 ሚሊሜትር የምትሄድበት ካጣች ብየዳውን ትሰነጥቀዋለች።

ከዚያ ዳገቱ። ያው አሸዋ፣ ያው ማርሽ። 2,000 ዙር ላይ 0.55። 2,600፣ 0.55። 3,200 ላይ 0.6፣ እዚያው ቆመ። የፊተኛው ጌጅ 0.85፣ የኋለኛው 0.8። ሙቀቱ 640 ዲግሪ። እዚህ ሞተር ላይ ከ700 በላይ እንዲቆይ አልፈቅድም፣ ስለዚህ ፖምፓው ላይ የተጨመረውን ናፍታም ትንሽ ቀነስኩ። ቱርቦው ቀድሞ 1,600 ላይ ይነሳ የነበረው አሁን 1,750 አካባቢ ሆኗል። ልጁ ይህን ወዲያው ነው ያወቀው። «ትንሽ ዘገየ ጋሼ» አለኝ። ልክ ነው፣ ዘግይቷል።

ደሴ ደርሰን ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር አካባቢ ቆመን ሻይ እየጠጣን ሌላ ሒሳብ አሳየሁት። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ደሴ ላይ የውጭው አየር 0.75 ባር ነው። 0.55 ሲጨመር 1.3። ቱርቦው የሳበውን አየር 1.7 እጥፍ ገደማ ጨምቆታል። ባሕር ዳርቻ ላይ ለዚያው 0.55 የሚያስፈልገው 1.55 እጥፍ ብቻ ነው። ጌጁ አንድ ቁጥር ቢያሳይም ከፍታ ላይ ቱርቦው የበለጠ ይሮጣል። በፊት 1.15 ሲሰጥ ደሴ ላይ 2.5 እጥፍ እየጨመቀ ነበር። የቱርቦው ዘንግ እስካሁን መቆየቱ ራሱ ዕድል ነው። ልጁ ሒሳቡን በስልኩ ደግሞ ሠራውና ዝም አለ።

መኪናው ከወጣ ስድስት ወር ሆነው። ክረምቱን ሙሉ ሠርቷል፣ የራዲያተር ውሃ አልጎደለበትም። በመስከረም ለቼክ ሲመጣ ከሁለቱ እግሮች በፊተኛው ሥር ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አገኘሁ። ሞርደን ደግመን በየድናት፣ ማኒፎልዱ ክብደቱን የሚደገፍበት ዘንግም ከብሎኩ አሰርንለት፤ መጀመሪያውኑ መታሰር ነበረበት። ጌጁ አሁንም ዳሽቦርዱ ላይ ነው። ሐጂ ልጃቸውን «መርፌዋ ከዚህች ካለፈች ሐርቡም ብትሆን ቁም» ብለውታል፣ መስታወቱ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርገው።